ማስመለሻው

በልጅነቴ በሽታ ሁሉ ጉልበት ላይ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ አይደለም። እማዬ መድኃኒት ቤት ውስጥ መዋያዬ ከባንኮኒው ኋላ፣ ከጥጥ ካርቶኖቹ መካከል ስለነበር፣ በባንኮኒው የታችኛው መስታወት በኩል ከሚመጣው ሰው ሁሉ የሚታየኝ ጉልበቱ ብቻ ነው። ያበጠ ጉልበት፣ ሱሪው የሳሳ ጉልበት፣ ቆሞ መጠበቅ የሰለቸው ጉልበት። ድምፁ ግን ከላይ ይመጣል። "ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለኝ አደረ" ይላል አንዱ ጉልበት፤ እማዬም "በባዶ ሆድ እንዳትወስደው" ትለዋለች።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ትገባና መደርደሪያው ላይ ትወጣለች። ያኔ ቡናማዎቹ ጠርሙሶች ማር የተሞሉ ይመስላሉ፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጥላቸው ሳይቀር ወርቃማ ይሆናል። ሙቀቱ፣ የአልኮሉ ሽታ፣ ከላይ የሚንጠባጠበው የሰው ወሬ ተደማምረው ዓይኔን ይከድኑታል። ነቅቼ የሰማሁትንና ተኝቼ ያየሁትን ዛሬም በደንብ አልለየውም። ስለዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ ትንሹን ለእንቅልፌ ተዉለት።

"ጠብታ" ነበር የሚሉኝ። ስወለድ ከሾርባ ማንኪያ አልበልጥም ነበር አሉ።

አንድ ቀን ከእንዲያ ዓይነቱ እንቅልፍ የሴት ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ጉልበቶቿ መስታወቱን ተደግፈዋል፤ ከጎናቸው የአንድ ትንሽ ልጅ ባዶ እግር ይወዛወዛል።

"ልጄ! ልጄ ሊሄድብኝ ነው!"

"ምን ሆነ?" አለች እማዬ።

"የአያቱን ክኒን ዋጠብኝ! ከረሜላ መስሎት... እኔ ልብስ ላሰጣ ዞር ስል..."

"መቼ?"

"አሁን! ገና አሁን ነው!"

የእማዬ ክንድ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቡናማ ጠርሙስ ሲያወርድ አየሁ። ማንኪያ ሞላች። "አይዞሽ፣ ያስመልሰዋል" አለቻት። ልጁ ዋጠ፣ ውሃም ተሰጠው፣ ከዚያ ሁላችንም ጠበቅን። ከጓዳው መታጠቢያ በኩል ደስ የማይል ድምፅ ተሰማ። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር እናቱም አብራው አለቀሰች፤ እማዬ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ "ልጄን መለስሽልኝ! እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄን መለስሽልኝ!" ትላለች።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ማለትም ፈጽሞ አልገባኝም። በእኛ ቤት ሆድ ሲገለበጥ "ወደ ላይ አለኝ" ነው የሚባለው። ማስመለስ የሚለውን ቃል የማውቀው ለሌላ ነገር ነበር፤ ጎረቤት ወስዶ ያስቀረውን ድስት ማስመለስ፣ የተነጠቀ ኳስ ማስመለስ። ልጁ ሊሄድ ነበር፤ ቡናማውን ጠጣ፤ ተመለሰ። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል? እማዬ መደርደሪያ ላይ የሄደ ሰው የሚያስመልስ መድኃኒት አለ።

እኛ ቤት ደግሞ የሄደ ሰው ነበር። አባዬ። የጢም ብሩሹ መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ፣ ብርጭቆው ውስጥ እንደቆመ ነው። "መቼ ነው የሚመጣው?" ስላት እማዬ "ሄዷል" ትለኛለች፤ ሌላ ነገር የጠየቅኋት ይመስል። ብሩሹን ግን አታነሳውም። እኔ አንዳንዴ ጉንጬ ላይ አሻሸዋለሁ። የሳሙና ሽታው በየቀኑ እየራቀ ይሄድ ነበር።

"እማ፣ ማስመለሻው ከምንድን ነው የሚሠራው?" አልኳት በዚያው ሰሞን።

"ከሥር። ሩቅ አገር፣ ጫካ ውስጥ የሚበቅል ትንሽ ቁጥቋጦ አለ። ሥሩን ቆፍረው፣ አድርቀው ነው የሚሠሩት።"

ሥር መሆኑ አልገረመኝም። ሥር ራሱ የትም አይሄድም፤ የሄደውን ቢጠራ ያምርበታል።

የእማዬ ታናሽ እህት ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ እታለም ነው የምላት። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው። የሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ሙሽሮች መምረጥ ሲያቅታቸው ቀሚሱን እሷ ትለብስና ምንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ትልላቸዋለች። "ጠዋት ጠዋት አገባለሁ፣ ማታ ማታ እፈታለሁ" እያለች ትቀልዳለች። ራሷም ታጭታ ነበር፤ መነጽሩን ሲጠራርግ ለሚውል አንድ ረጅም ሰውዬ። ባለ መነጽሩ አንድ ሰሞን መምጣቱን ተወ። ትልልቆቹ "ጥሏት ሄደ" ሲሉ ሰማሁ። እንግዲህ ሁለት የሄዱ ሰዎች አሉን ማለት ነው ብዬ በልቤ ያዝኩ።

ትምህርት በሌለ ቀን ሱቁ ትወስደኛለች። ቀሚሶቹ በላስቲክ ተሸፍነው ተሰቅለዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም በአንድነት ሽው ይላሉ። ከሥራቸው ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ ወደ ላይ ሳይ ዓለም ነጭ በነጭ ነው። ባለሱቋ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ነው የምታወራው፤ ለዚህ ይሆናል ቃሏ ሁሉ የሚወጋው።

"ትናንት የተዘጋ ዚፕ ዛሬ አልዘጋም አለ" አለች አንድ ቀን፣ ከእታለም ጀርባ ቆማ።

"ዚፑ ነው የተበላሸው" አለች እታለም።

"ዚፕ አይወፍርም፣ የኔ እመቤት። ሙሽሮቹ የሚመጡት ቀሚሱን ሊያዩ ነው፣ ራትሽን አይደለም። ካልሆነልሽ ንገሪኝ፣ ደጅ የሚጠኑኝ ልጆች ሞልተዋል።"

እኔ ለዚፑ አዘንኩለት። እታለም በመስታወቱ ውስጥ አይታኝ ጠቀሰችኝ፤ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ዚፑም ተዘጋ። ትንፋሿን መልሳ ስትለቅ አላየሁም።

ማታ ግን ገበታ ላይ እታለምን የመሰለ ሰው አልነበረም። ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እያጠቀሰች፣ በድንቹ ላይ ድንች እየጨመረች፣ የሙሽሮቹን አረማመድ እየቀዳችልን ታስቀናለች። ከራት በኋላ መታጠቢያ ቤት ትገባና ቧንቧውን ትከፍታለች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ይፈሳል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማው ከውሃው ሥር ሌላ ድምፅ ያለ ይመስለኛል፤ ሰው ከሩቅ የሚጣራ ዓይነት።

አንድ ምሽት በሩ አልተቀረቀረም ነበር። ገፋ አደረግሁት። እታለም ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ፊቷ ርሷል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከጎኗ ቡናማው ጠርሙስ ቆሟል። በአንዴ አወቅሁት።

"እታለም፣ ማስመለሻው ነው?"

ክው አለች። "ማን ነገረሽ?"

"አውቀዋለሁ። ይመለሳል?"

ፊቷን በፎጣ ጠረገች። "ይመለሳል" አለች።

"ሁሉም?"

"ሁሉም አይመለስም። ግማሹ ይቀራል።"

ባለ መነጽሩን አሰብኩት። ከተመለሰ አይቀር መነጽር ያለበት ግማሹ ቢሆን ብዬ ተመኘሁላት።

"ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ" አለችኝ፣ እጄን ይዛ። "ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲባል አልሰማሽም? እዚያ አስቀምጪልኝ።"

"ከተነገረ አይሠራም?"

"አዎ" አለች። "ከተነገረ አይሠራም።"

ጠርሙሶቹን ከሌሎች መድኃኒት ቤቶች ነበር የምትገዛው፤ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከዓመታት በኋላ ስትነግረኝ "የእህቴን መደርደሪያ አንድም ቀን አልነካሁም" ብላ ደረቷን ነፋች። አሳፋሪው ነገር ስርቆቱ ብቻ ሊሆን ይችል የነበረ ይመስል። እኔ ግን ያን ምሽት አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። በቤታችን ውስጥ ሰው የመመለስ ሥራ ተጀምሯል። የእታለም ሰው ሲመጣላት ተራው የአባዬ ነው።

ከዚያ የላምባው ቀን መጣ። የአንድ ሰው ጉልበት ሲሮጥ ገባ፤ እቅፉ ውስጥ ያለች ልጅ ትን ብሏት ታስላለች፤ የምድጃ ሽታ ባንኮኒው ሥር ድረስ ደረሰኝ።

"በውሃ ጠርሙስ አስቀምጠነው ላምባ ጠጣችብኝ! ያንን ለጎረቤታችን ልጅ የሰጠሽውን ስጪኝ፣ ማስመለሻውን!"

"አይሆንም" አለች እማዬ።

"ምን ማለት ነው አይሆንም? ልጄ እኮ ነች!"

"ልጅህ ስለሆነች ነው የማልሰጥህ! ላምባ ሲገባ ካቃጠለው ሲመለስ የሚያቃጥለው ይብሳል። ሳንባዋ ውስጥ ነው የሚገባው። የገባ ሁሉ እንዲመለስ አይደረግም፣ ወንድሜ። አንዳንዱ የሚገድለው ሲመለስ ነው።"

ይህን እያለች ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ወጣች፤ ታክሲ አስቆማ አብራቸው ሆስፒታል ሄደች። እኔን እስክትመለስ ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኝ ጠበቀኝ።

ማታ ገበታ ላይ "ልጅቷ ተርፋለች" አለችን። እታለም "ተመስገን" አለች። እኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሳላምጥ ነው የዋልኩት።

"እማ፣ አባዬ ላምባ ነው?"

እማዬ ዳቦ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። አንድ አፍታ ምን ማለቴ እንደሆነ ያልገባት መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ ገነፈላት፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ በኋላ ሳቁ መልኩን ቀየረና ዓይኗን በክንዷ አበሰች። "አዎ የኔ ጠብታ" አለችኝ። "አባትሽ ላምባ ነው።" እታለም አጎንብሳ ሳህኗን አየች። በማግስቱ የጢም ብሩሹ ከብርጭቆው ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች በእኔ ትዝታ ውስጥ ጭጋግ ለብሰዋል። እታለም ደረጃ ስትወጣ መቆም ጀመረች። የምንኖረው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ የእንጨቱን ድጋፍ ይዛ "ልቤ ድው ድው አለብኝ" ትላለች፣ እየሳቀች። እጇ ቀዘቀዘ። እግሯ ሲያብጥ እኔ ጉልበቷን አየሁ፤ ደህና ነበር፣ ስለዚህ አልፈራሁም። ጎረቤቶች "ልቧ ተሰብሮ ነው" አሉ፤ እማዬም አመነች። ቀኑን ሙሉ የሰው በሽታ ስታጣራ የምትውለው እማዬ የገዛ እህቷን ከጎረቤት ወሬ ነው የመረመረቻት። ቫይታሚን ትሰጣታለች፤ ባለ መነጽሩንም "አራት ዓይን ይዞ ያላየ!" እያለች ትራገማለች።

እኔ ከሁሉም የተሻለ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እታለም የደከመችው ሰው መጎተት ስለሚያደክም ነው። ረጅም ሰው ነው፣ ከሩቅ ነው የሚጎተተው። ትንሽ ከታገሰች ይመጣል።

አንድ ረፋድ ሱቁ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ፣ በቀሚሱ ውስጥ እንዳለች ወደቀች። ሆስፒታል የደረሰችው ሙሽራ ሆና ነው። አስታማሚዎቹ ሁሉ "ሙሽራው የታል?" እያሉ ሲፈልጉ ነበር አሉ። የሐኪሙን ቃል እማዬ ለጎረቤት ስትነግር ሰማሁ፤ "ልቧ ደክሟል ይላሉ። በዚህ ዕድሜ ለምን እንደሆነ አላወቁትም። መንስኤው ካልታወቀ ምን ያክሙላታል?" ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረና፣ "ልትሄድብኝ ነው" አለች።

ልትሄድብኝ ነው። ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ከውሃ ማጠራቀሚያው ኋላ እጄን ስሰድ ጠርሙሱን አገኘሁት፤ ግርጌው ላይ ማንኪያ የማይሞላ ቀርቷል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ባዶው የብሩሽ ብርጭቆ ከላይ ያየኛል። አንድ ጉንጭ ነው ያለው፤ ለሁለት ሰው አይበቃም። አባዬን በጣም እፈልገው ነበር። ሲስቅ ትከሻው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ትከሻው መጣ፣ ፊቱ ግን አልመጣም። እሱ ላምባ ነው፤ እታለም ግን ላምባ አይደለችም። አለቀስኩና ጠርሙሱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ እማዬ ልትጠይቃት ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። ክፍሉ ፀጥ ያለ፣ መጋረጃው ውሃ ቀለም፣ ብርሃኑ የደከመ ነበር። እታለም ትራሱ ላይ ከፍ ብላ ተኝታለች፤ ቀሚሱን ሲያወልቁላት ራሷንም ትንሽ ያወለቁባት መሰለኝ። እማዬ ሐኪሙን ልታነጋግር ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠላጠልኩና ጠርሙሱን አወጣሁ። ከምሳዋ የተረፈውን ማንኪያ አነሳሁ። ያለው ሁሉ ተንጠፍጥፎ ወረደ። ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አደረስኩት። ሽታው ሲደርሳት ዓይኗን ገለጠች።

"ምንድን ነው የምታደርጊው?"

"ጠጪው።"

"ለምን?"

"እንድትመለሺ" አልኳት። "እማዬ 'ልትሄድብኝ ነው' ብላለች። ለአባዬ ላደርገው ነበር፣ ግን ለአንቺ ይሁን።"

እጇ መጥቶ ክንዴን ያዘ፤ ቀዝቃዛ ነበር። "ጠብታ፣ ይሄ ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?"

"የሄደ ሰው ያስመልሳል። አንቺ ባለ መነጽሩን ታስመልሺ የለ?"

እታለም አየችኝ። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣ፣ አልደረሰም፣ ከመንገድ ተመለሰ። እንባዋ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮዋ ወረደ። ያን ሁሉ ምሽት ውሃው ሲፈስ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ልጅ ስትጸልይላት እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። ማንኪያውን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አንድ ጠብታም አልፈሰሰም።

"እናትሽን ጥሪልኝ" አለች።

"ምስጢሩስ? ከተነገረ አይሠራም ብለሽኝ?"

"ይቅር፣ አይሥራ።"

እማዬ ሐኪሙን ይዛ ገባች። እታለም ባዶውን ጠርሙስ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻት። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። "እህቴ፣ ልቤን የሰበረው ሰውዬው አይደለም" አለቻት።

እማዬ ጠርሙሱን አነሳች፤ ገለበጠችው፤ አነበበችው። በየቀኑ ስታየው የኖረችውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ይመስል ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር ያነበበችው። "ከመቼ ጀምሮ?" አለች ሐኪሙን ቀድማ። እታለም ነገረቻት። እማዬ አልጮኸችም። አልጋው ላይ ወጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከእህቷ ጎን ተኛችና ጆሮዋን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔን አንድ ነርስ ይዛኝ ወጣች። በበሩ መስታወት አጮልቄ ሳይ እማዬ አሁንም እያዳመጠች ነበር።

እኔ ለዓመታት ማስመለሻው ሳይጠጣ ሽታው ብቻ የመለሳት ይመስለኝ ነበር። አሁን የእማዬን መድኃኒት ቤት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩን አውቀዋለሁ። ኢፔካክ ይባላል። ለአንድ ክፉ ቀን፣ አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ መድኃኒት ነበር። የደጋገመው ሰው ላይ ግን ከሥሩ የሚወጣው መርዝ ሁሉ ከትውከቱ ጋር አይወጣም፤ ግማሹ ይቀራል። የሚቀረውም የልብ ጡንቻ ውስጥ ነው። እታለም ሳታውቀው እውነቱን ነግራኝ ነበር። ሐኪሞቹ ምን እንደሚያክሙ ያወቁት ያን ጠርሙስ ካዩ በኋላ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ብለው ትተውታል፤ እኔም መደርደሪያ ላይ የለም። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ስሙን እንኳ አያውቁትም። ባለ መነጽሩ አልተመለሰም፤ አባዬም አልተመለሰም። እማዬ ብሩሹን የት እንዳደረገችው ሳትነግረኝ አረፈች።

እታለም ግን አለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ስትበላ ዛሬም ደስ ትላለች፤ ከበላች በኋላም ከገበታው አትነሳም፣ እዚያው ተቀምጣ የሰው ሁሉ አረማመድ ትቀዳልናለች። ማታ መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ አብረን ደረጃውን እንወጣለን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ድጋፉን ትይዛለች፤ ቀጥሎ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። እኔም ዘንቢሉን አስቀምጬ ከጎኗ እቀመጣለሁ።

"ቆይ ጠብታ" ትለኛለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "ትንፋሼ ይመለስ።"

ቆሜ አላጣድፋትም። መጠበቅ አውቅበታለሁ። ትንሽ ይቆያል እንጂ ይመለሳል።